ኮምፒውተሬን ማየት ያቃተው ባትሪ

ታናሽ ወንድሜ ፓወር ባንኩን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገና «እታለም፣ ከእንግዲህ ድንጋይ መልቀም ቀረልሽ» አለኝ።

ድንጋይ ያለው የባትሪ ድንጋይ ነው። ልጁ አልተሳሳተም። እኔ የምጽፍበት ኮምፒውተር የሚሠራው በአራት ድንጋይ ነው። ለሪሞት የምንገዛቸው ዓይነት፣ ደብል ኤ የሚባሉት። ቤቴ ውስጥ መሳቢያ በከፈታችሁ ቁጥር ሁለት ሦስቱ ይንከባለላሉ። የትኛው ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ቲአርኤስ-80 ሞዴል 100 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ነው የወጣው። የሠራው ኪዮሴራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን የአሜሪካው ታንዲ ደግሞ በራዲዮ ሻክ ሱቆቹ ይሸጠው ነበር። መጠኑ ከትልቅ ደብተር ብዙም አይበልጥም። ስክሪኑ 8 መስመር ያሳያል፣ በአንድ መስመር 40 ፊደል። ከኋላ የሚያበራ መብራት የለውም። ፋን የለውም። ዲስክም የለውም። የሚሽከረከር ነገር ውስጡ ስለሌለ ድምፁ የኪቦርዱ ብቻ ነው። ኪቦርዱ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ዛሬ የሚሸጡትን ላፕቶፖች ሁሉ ያስንቃል። ማጋነን ከሆነም ይሁን።

ጋዜጠኞች በጊዜው በጣም ወደውት ነበር። ሞደም ከነነፍሱ ውስጡ አለ፤ ከስልክ መስመር ጋር ያገናኙትና ዜናቸውን በ300 ባውድ ፍጥነት ይልካሉ። አዝጋሚ ነው፣ ግን ይደርሳል። በዚያ ላይ በአራት ድንጋይ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። እኔን የማረከኝም ይሄ ነው። ስከፍተው ወዲያው ይከፈታል። ስዘጋው የጻፍኩት እዚያው ራም (የኮምፒውተሩ ማስታወሻ) ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ሴቭ አድርጊ» የሚል ጣጣ የለም።

ፊደላችንን አያውቅም። ይሄ ነው ችግሩ። ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ወደ ጎን 6፣ ወደ ታች 8 ነጥብ ነው። በዚያች ቦታ «ጨ»ን ከ«ጬ» እስቲ ለዩ! ስለዚህ አማርኛዬን በላቲን ፊደል እጽፍና በኋላ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ ግዕዝ እመልሰዋለሁ። ቢያሳይልኝም ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው። ዛሬ ኮምፒውተሮች ፊደል በሚያስቀምጡበት በተለመደው መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ አንዱ የኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የኔው ማሽን ያለው 32 ኪሎባይት ነው፤ ያውም ትልቁ። ይህቺ ጽሑፍ ብቻዋን ልትሞላው ምንም አይቀራት።

እና ወንድሜ ያመጣው ፓወር ባንክ። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል። ጎኑ ላይ ቁጥር የሚያሳይ መስኮት አለው፣ 100 በመቶ ይላል። እንደ 20,000 ያለውን ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ወደ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ወደ ያዘው የኃይል መጠን፣ መለወጥ ነው። 20,000 የተባለው ውስጡ ባሉት የሊቲየም ሴሎች ቮልት ነው፣ በ3.7። ስለዚህ 20 አምፔር ሰዓት ሲባዛ በ3.7፣ 74 ዋት ሰዓት። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። እኔ ሁልጊዜ 85 በመቶ ይደርሰኛል ብዬ ነው የማስበው፤ ወደ 63 ገደማ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የትልልቆቹ ፓወር ባንኮች ቁጥር 27,000 አካባቢ የሚቆመው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? 27 ሲባዛ በ3.7፣ 99.9 ነው። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አውሮፕላን ውስጥ ይዘን የምንገባው እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው።

ወደ ሥራው። ያረጀ ዕቃ ላይ አዲስ ነገር ከመሰካቴ በፊት ቮልት የምለካበትን መልቲሜትሬን አወጣለሁ። የሞዴል 100 የኃይል መግቢያ 6 ቮልት ነው፤ ነገር ግን መሃሉ ኔጌቲቭ፣ ውጪው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ የምናገኛቸው ክብ ጫፍ ያላቸው ኬብሎች በአብዛኛው ተቃራኒ ናቸው፤ መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ጫፉ ግን ይገባል! ልክክ ብሎ ነው የሚገባው። አሮጌ ዕቃ የሚገድለው ይሄ ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ ትክክል ይመስላል።

በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው ክብ ጫፍ ያለው ኬብል ነበረኝ። ለካሁት። እንደጠረጠርኩት መሃሉ ፖዘቲቭ። ኬብሉን መሃል ላይ በመቀስ ቆረጥኩት፣ ሁለቱን ሽቦዎች አገለባበጥኩ፣ በሶልደር አያያዝኩ፣ በሚሸበሸብ ፕላስቲክ አለበስኩት። እንደገና ለካሁ። አሁን የመቀነስ ምልክት መጣ። ኬብሉ ላይ ቀይ ቴፕ ጠቀለልኩ፤ አንድ ቀን ረስቼው የሆነ ሰው ራውተር ላይ እንዳይሰካው።

6 ቮልት ለሚፈልግ ማሽን 5 ቮልት ይበቃል ወይ ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ይበቃል። አራት አዲስ ድንጋይ 6 ቮልት ነው፣ ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ግን ቮልቱ ይወርዳል፤ ማሽኑም ይህን ታስቦበት ነው የተሠራው። ቻርጅ የሚደረጉት ኒኬል ድንጋዮች እንኳ አንዱ 1.2 ቮልት ነው፣ አራቱ 4.8። በነሱ ለዓመታት ጽፌበታለሁ። ስለዚህ 5 ቮልት አያስጨንቀውም። የማይቀር ጉዳት ግን አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል የምትበራ ቀይ መብራት አለች። በፓወር ባንክ ሲሠራ ያቺ መብራት ሥራ ፈት ትሆናለች። ፓወር ባንኩ እስከ መጨረሻው 5 ቮልት ይሰጣል፣ ከዚያ ድንገት ዜሮ። ማስጠንቀቂያ የለም።

ሰካሁት። ማብሪያውን ገፋሁ። ዝርዝሩ መጣ፦ ቤዚክ፣ ቴክስት፣ ቴልኮም፣ አድራሻ፣ ቀጠሮ። ወንድሜ አጨበጨበ። ቴክስት ውስጥ ገባሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመርኩ፣ ጠፋ።

እንደገና አበራሁት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሠራ። ጠፋ።

«አቃጠልሽው እንዴ?» አለ ወንድሜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰው የታመመ ያህል።

አልተቃጠለም። አራቱን ድንጋይ መለስኩለት፣ ያለችግር ተነሳ። የጀመርኩት ዓረፍተ ነገርም እንዳለ ነበር። ራሙን ደግፋ የያዘች ትንሽ ባትሪ ቦርዱ ላይ ስላለች ዋናው ኃይል ቢቋረጥም ጽሑፍ አይጠፋም። ያቺን ባትሪ የቀየርኳት እኔ ነኝ። የድሮዋ ኒኬል ካድሚየም ከብዙ ዓመት በኋላ ፈሳሿን ቦርዱ ላይ ለቃ ነበር። አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ በአቸቶ ጠርጌ፣ ከዚያ በአልኮል አጽድቼ ነው የዳነው። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ተዉትና ዛሬውኑ ክፈቱትና ያቺን ባትሪ እዩ። የእርጅና ጉዳይ ነው፤ ማንም ያምርታት፣ ዕድሜ ሲጫናት ትፈሳለች።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ኬብሌን ጠረጠርኩ። ሶልደሬን ጠረጠርኩ። ማታውን በሙሉ ኬብል ስነቃቅል አመሸሁ። መልሱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በፓወር ባንኩ ሁለተኛ ቀዳዳ ሰካሁት። ኮምፒውተሩም በዚያው ተሰክቶ ነበር። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። አንድ ደቂቃ። አምስት። ኮምፒውተሩ አልጠፋም! አንድ ሰዓት ያህል በሰላም ጻፍኩ። ከዚያ ስልኬ ሞላ። ትንሽ ቆይቶ ኮምፒውተሩ ጠፋ።

ያኔ ገባኝ። ከመልቲሜትሩ ጋር በተርታ አያይዤ ኮምፒውተሩ የሚስበውን ለካሁ። 70 ሚሊአምፔር አካባቢ። በ5 ቮልት ሲሰላ 0.35 ዋት ነው። ፓወር ባንኩ ይህን ያህል ትንሽ ሲያይ ሰው የለም ብሎ ያስባል። ስልኩ ሞልቷል፣ ወይም ባዶ ኬብል ተንጠልጥሏል ማለት ነው ለሱ። ስለዚህ ራሱን ይዘጋል። ጥፋተኛ አላደርገውም። የሴሉን 3.7 ቮልት ወደ 5 የሚያሳድገው ሰርኪዩት ሥራ ባይኖረውም ኃይል ይበላል፤ ካልተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እንደተቀመጠ ራሱን ይጨርሳል። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የሚዘጉት ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር ባለው መሃል የሆነ ቦታ ላይ ነው።

ኃይል ያንሰዋል ብዬ ስፈራ የነበርኩት ሴትዮ፣ ችግሬ ኮምፒውተሬ በጣም ትንሽ መብላቱ ሆኖ አረፈው። በወረቀት ላይ ካሰላነው ያ ፓወር ባንክ ሞዴል 100ን 180 ሰዓት ማሠራት አለበት። ግን ለ30 ሰከንድ እንኳ አላየውም።

መፍትሔ አንድ፦ የፓወር ባንኩን መመሪያ ማንበብ። ያሳፍራል፣ ግን ሁለት ቀን ቆይቼ ነው ያነበብኩት። ለጆሮ ማዳመጫና ለሰዓት የሚሆን ዝቅተኛ ፍሰት የሚባል አሠራር አለው። ቁልፉን ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ከዚያ አይዘጋም። ደስ አለኝ። ሁለት ሰዓት ጻፍኩ። ከዚያ ዘጋ። የኔው አሠራሩን የሚጠብቀው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው ለካ። ጽሑፉ የሚፈስልኝ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለሌላ ሰው ግን ይሄ ሊበቃ ይችላል። ፓወር ባንክ ገና ልትገዙ ከሆነ ይህ አሠራር እንዳለውና በሰዓት የሚገደብ መሆን አለመሆኑን መጀመሪያ ጠይቁ።

መፍትሔ ሁለት፦ ማታለል። ከኮምፒውተሩ ጎን አንድ ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪክ ገታ የምታደርግ ቁራጭ፣ ማሰር። 47 ኦህም በ5 ቮልት 106 ሚሊአምፔር ይስባል። ከኮምፒውተሩ ጋር ሲደመር 176። ፓወር ባንኩ «አሃ፣ ሰው አለ» ብሎ ነቅቶ ይቆያል። ሠራ። ሬዚስተሩ ግን ግማሽ ዋት ያህል ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ይግላል፤ ባለ ሩብ ዋቷን ትንሿን ብትጠቀሙ ታቃጥሏታላችሁ፣ ባለ 1 ዋቱን ውሰዱ። እኔን ያናደደኝ ሙቀቱ አይደለም። ኮምፒውተሩ 0.35 ዋት፣ ማታለያው 0.53 ዋት። ከእንግዳው አጃቢው በላ! 180 ሰዓቱ ወደ 70 ወረደ። አሁንም ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቆጣቢ ማሽን ይዞ እንዲህ ማባከን ነፍሴ አልወደደውም።

መፍትሔ ሦስት የምወደው ነው። ፓወር ባንኩ በየቅጽበቱ አይፈርድም፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ታግሶ ነው የሚዘጋው። እንግዲያው ሁልጊዜ መሳብ ለምን? አልፎ አልፎ ነካ ማድረግ ይበቃል። ልጅ እናቱን እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ቀሚሷን ጎተት እንደሚያደርገው። ለዚህ የሚሆነው 555 የሚባለው የሰዓት ቺፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ነው ገበያ የወጣው፤ ከኮምፒውተሬ በ11 ዓመት ይበልጣል። አሁንም ይመረታል፣ አሁንም ርካሽ ነው።

የኔው እንዲህ ነው። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ 180 ኪሎኦህምና አንድ 15 ኪሎኦህም ሬዚስተር። በነዚህ ቁጥሮች የ555 መውጫ ለ13 ሰከንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ለ1 ሰከንድ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል እንደ ማብሪያ የሚያገለግል ፒኤንፒ ትራንዚስተር ይከፍታል፣ ትራንዚስተሩ 33 ኦህም ሬዚስተር ላይ 150 ሚሊአምፔር ገደማ ይለቃል። መጀመሪያ ሲሶ ሰከንድ ነበር የሞከርኩት፣ ፓወር ባንኩ ልብም አላለው። አንድ ሰከንድ ላይ ነቃ። አማካዩ ሲሰላ ጉተታው 10 ሚሊአምፔር ቢሆን ነው፣ ቺፑ ራሱ ደግሞ ጥቂት ይበላል። 180ው ሰዓት ወደ 150 አካባቢ ዝቅ አለ። በዚህ እንታረቃለን። ጉተታውን እንዳይ ብዬ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ ጨመርኩ፤ በየ14 ሰከንዱ ብልጭ ትላለች። ሁሉንም የክብሪት ሳጥን በምታክል ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ። አሮጌው ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል። ባትሪውን ከፍቶ ያለቁትን ኒኬል ሴሎች አውጥቶ በቦታቸው የሊቲየም ሴል ማስገባት ቀላል ይመስላል፤ ቮልቱም ሊቀራረብ ይችላል። እባካችሁ አታድርጉት። ያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቻርጀር ኒኬልን እንጂ ሊቲየምን አያውቅም። ኒኬል ከሞላ በኋላ ጠብ ጠብ እያለ ቢጨመርለት ይችላል። ሊቲየም 4.2 ቮልት ላይ ካልቆመ ሊነድድ ይችላል። ፓወር ባንኩን ከውጪ፣ በኃይል መግቢያው በኩል የምሰጠው ለዚህ ነው። የሞተውን ባትሪ አወጣለሁ፣ አዲሱ ደግሞ የራሱ ጠባቂ ሰርኪዩት እንዳለው ውጪ ይቀመጣል።

ይሄም ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. የ1989ኙን ማኪንቶሽ ፖርተብል ያየ ያውቀዋል። ባትሪው እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስ ነው፣ ያ ባትሪ ከሞተ አዳፕተሩን ብትሰኩለትም አይነሳም። ለሱ መጀመሪያ ባለ 6 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው የሚፈለግለት፣ ፓወር ባንክ አይደለም።

እኔ ያለኝ ሁለተኛው ማሽን ቲንክፓድ 600 ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1998። እሱ ጋ ደግሞ ታሪኩ ተገለበጠ። አዳፕተሩ 16 ቮልት፣ 3.36 አምፔር ነው። የዛሬ ፓወር ባንኮች በዩኤስቢ ሲ ከኬብሉ ማዶ ካለው ዕቃ ጋር ተነጋግረው ቮልት ይጨምራሉ፤ የተለመዱት ደረጃዎች 5፣ 9፣ 15 እና 20 ናቸው። 16 የለም። የኔው ፓወር ባንክ እስከ 65 ዋት ስለሚሰጥ ትሪገር የምትባል ጥፍር የምታክል ሰሌዳ ገዛሁ። ላፕቶፑን ወክላ «20 ቮልት ስጠን» ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ቮልት ማውረጃ አስገባሁና 20ውን 16 ላይ አሰርኩት። ቮልቱ በቁልፍ የሚቀያየረውን ዓይነት ትሪገር አልወድም። ጣት ሲያልፍ ነካ ካደረገው ሌላ ቮልት ነው። አንድ ቮልት ላይ የተቆለፈውን ምረጡ።

የሞተውን ባትሪውን አውጥቼ ሰካሁት። በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ዲስኩ ሲሽከረከር የፓወር ባንኩ መስኮት ላይ የሚስበው ዋት ከፍ ሲል ይታያል። የሚስበው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው፤ ፓወር ባንኩ «ሰው የለም» ሊል አይችልም። በ63 ዋት ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሠራ ትልቅ ነገር ነው። ያው ባትሪ አንዱን 150፣ ሌላውን 3። ስለቲንክፓዱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም፤ ሰካሁ፣ ሠራ።

ሞዴል 100 ጋ አንዲት ጣጣ ቀርታ ነበር። ለ10 ደቂቃ ካልነካችሁት ራሱን ያጠፋል፣ ድንጋይ እንዳይፈጅ። ጥሩ ባሕርይ ነው። የኔ ትንሽ ሣጥን ግን ኮምፒውተሩ መተኛቱን አታውቅም። እሷ በየ14 ሰከንዱ ፓወር ባንኩን መቀስቀሷን ትቀጥላለች። አንድ ጊዜ እንደተሰካ ትቼው ሄድኩ። ከሳምንት በኋላ ስመለስ ከ90 በላይ የነበረው ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። ኮምፒውተሩ አልነካውም፤ የበላው ፓወር ባንኩ ራሱ ነው፣ ሌሊትና ቀን ነቅቶ።

ያገኘው ወንድሜ ነው። ስልኩን ሊሞላ መጥቶ «እታለም፣ ይሄ ጨለማ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚለው ምንድነው?» አለኝ። አስረዳሁት። አሰብ አደረገና «እና ማጥፊያ አልሠራሽለትም?» አለኝ።

በማግስቱ ሣጥኗ ላይ ማጥፊያ ገጠምኩ። ከጎኑ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በእጄ ጽሑፍ «ስትጨርሺ አጥፊኝ» የሚል ጻፍኩበት።